ኤሴናውያንን ፍለጋ ሙት ባሕር ስትወርዱ ወገራን አለፋችኋት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ ስለ ጥንቶቹ የአይሁድ ማኅበር ስለ ኤሴናውያን ያወጣችሁትን ሰፊ ጽሑፍ አነበብኩት። ልጄ ነው ጋዜጣውን ከፒያሳ ገዝቶ የሚያመጣልኝ። ጸሐፊው እንደለፋበት ያስታውቃል። በረሃ ወርደው፣ ሀብታቸውን አንድ ላይ አድርገው፣ ነጭ ለብሰው፣ ሕጉን ሳያጓድሉ ለመኖር የተማማሉ ሰዎችን ታሪክ ጥሩ አድርጎ ነግሮናል። ፈሪሳውያንንና ሰዱቃውያንን ከወንጌል እናውቃቸዋለን። ኤሴናውያን ግን በመጽሐፍ ቅዱስ ስማቸው ስለማይነሳ ብዙዎቻችን ሰምተናቸው አናውቅም። ስለዚህ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

የጻፍኩላችሁ ግን ለምስጋና ብቻ አይደለም። ጽሑፉ ሲያበቃ፣ እንዲህ ያለው የሕግ ቅንዓት ሮማውያን ኤሴናውያን ኖረውበታል የሚባለውን የሙት ባሕር ዳር መንደር ኩምራንን ካጠፉ ወዲህ ከምድር ላይ ጠፋ ይላል። እዚህ ላይ ዝም ማለት አቃተኝ። አልጠፋም። እዚሁ ጎንደር፣ ደምቢያ፣ ወገራና ሰሜን ውስጥ፣ በእኔ ዕድሜ ነበር። በዓይኔ አይቼዋለሁ። እንደ እኔ ያዩ ሌሎች ሰዎችም ዛሬ አሉ። በአንድ ሙሉ ገጽ ጽሑፍ ውስጥ የኢትዮጵያ አይሁድ የሚጠሩበት «ቤተ እስራኤል» የሚል ቃል አንድም ቦታ አለመኖሩ አሳዝኖኛል። ያውም በአማርኛ ጋዜጣ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ አዋላጅ ነርስ ነኝ። አሁን የምኖረው አዘዞ ነው። የተወለድኩትና ያደግኩት ግን ወገራ ነው። ከእኛ መንደርና ከቤተ እስራኤል መንደር መካከል አንዲት ወንዝ ብቻ ነበረች። ክርስቲያን ነኝ፣ እናት አባቴም እንደዚያው። የምናገረው ስለ ጎረቤቶቼ ነው።

ጸሐፊያችሁ ዮሴፉስን ጠቅሷል። ዮሴፉስ በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊ ነው። ኤሴናውያንን በቅርብ ያውቃቸው ነበር። አራት ሺህ ያህል ናቸው ይላል። ሰንበትን በማክበር ከአይሁድ ሁሉ ይበልጣሉ፤ እሳት እንዳያነዱ ምግባቸውን ከዋዜማው ያዘጋጃሉ፤ በዚያ ቀን ዕቃ እንኳ ከቦታው አያነሱም ይላል። ይህን ሳነብ ኩምራን አልታየኝም። የታየኝ የማዶው መንደር አርብ ነው።

አርብ ከቀትር በኋላ የመንደሩ ድምፅ ይለወጥ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ብረት ሲቀጠቅጥ የሰነበተው መዶሻ ጸጥ ይላል። ወናፉ ይቆማል። ሴቶቹ እንስራ አዝለው ወንዝ ይመላለሳሉ፤ ነገ ውሃ አይቀዳምና። የዳቦው ሽታ ወንዙን ተሻግሮ እኛ ድረስ ይመጣል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንዱም ሴቱም በየፊናው ወንዝ ይወርዳል። ገላውን ታጥቦ ነጭ ልብሱን ይለብሳል። ከዚያ በየቤቱ ያለው እሳት በሙሉ ይጠፋል። ፍም እንኳ ዳፍነው አያሳድሩም።

ሲመሽ እኛ ቤት ኩራዝ ይበራል። ከማዶ አንዲት ብልጭታ የለም። ወገራ ደጋ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሕፃን ያለበትም ቤት፣ በሽተኛ ያለበትም ቤት፣ እሳት ሳይሞቅ ያድራል። በማግስቱ የሚበሉት ከትናንት የተረፈውን ቀዝቃዛ ነው። አያቴ ጋቢዋን እየሰበሰበች ወደ ጨለማው ታያለች። «እነዚህ ሰዎች እግዚአብሔርን የምር ይፈሩታል» ትል ነበር። አያቴ ማንንም በቀላሉ የምታመሰግን ሰው አልነበረችም።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ መስጊዳቸው ይሄዳሉ። መስጊድ ነበር የሚሉት የጸሎት ቤታቸውን። ዳቦውን ተሸክመው ሄደው ቄሱ ይባርኩላቸዋል። የጸሎቱ ድምፅ በነፋስ ሲመጣ ቋንቋው ግዕዝ ነው። በሰንበት የእኛ ካህናት የሚቀድሱበት ያው ግዕዝ። ኦሪታቸውም በግዕዝ የተጻፈ የብራና መጽሐፍ ነው። ልጅ ሆኜ ይህ በጣም ይገርመኝ ነበር። ለአንድ እግዚአብሔር፣ በአንድ ቋንቋ፣ ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ይጸለያል።

አንድ ቅዳሜ የእነሱ ላም ገመዷን በጥሳ ወንዙን ተሻግራ የወንዱን አያቴን ጤፍ ገባችበት። ባለቤቷ እስከ ወንዙ ዳር መጣ። ቆመ። አልተሻገረም። ላሚቱ የሰው እህል ስትበላ ያያል፣ ካሳ እንደሚጠየቅም ያውቃል። ግን ሰንበት ነው፤ ከብት አይነዳም። አያቴ ራሱ ላሚቱን ይዞ አሰራት። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰውየው መጣና ወሰዳት። አያቴ ካሳ አልጠየቀውም። «በሰንበት ምን ያድርግ?» አለ፣ በቃ። ዛሬ ከኩምራን የተገኙት ብራናዎች ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። የማኅበሩ ሕግ፣ እንስሳ በሰንበት ጉድጓድ ቢገባ እንኳ አይውጣ ይላል። ጌታችን በወንጌል ስለ ጉድጓድ የገባ በግ የተናገረውን የሚያውቅ ሰው፣ ይህ በዚያ ዘመን ምን ያህል የጦፈ ክርክር እንደነበር ይገባዋል። ያ ክርክር ለእኔ የወረቀት ነገር አይደለም። ወንዝ ዳር ቆሞ አይቼዋለሁ።

እዚህ ላይ ጸሐፊያችሁ ቢያነሳው ደስ የሚለኝ ትልቅ ነገር ነበር። ይህ ሁሉ የሰንበት ሕግ በመጽሐፈ ኩፋሌ መጨረሻ፣ ምዕራፍ 50 ላይ አለ። ውሃ አትቅዳ፣ እሳት አታንድድ፣ ሸክም አትሸከም፣ መንገድ አትሂድ፣ በእንስሳ አትጋለብ፣ አትዋጋ ይላል። ቤተ እስራኤል ሰንበትን ይጠብቁ የነበረው በዚሁ ነው። ትእዛዘ ሰንበት የሚባል የራሳቸው የግዕዝ መጽሐፍም አላቸው፤ ሰንበትን እንደ ሰው፣ እንደ እግዚአብሔር ልጅ አድርጎ ይናገርላታል። እ.ኤ.አ. በ1947 የበዳዊን እረኞች የኩምራንን ዋሻ ሲያገኙ፣ በኋላ ከወጡት ብራናዎች መካከል የኩፋሌ ቁርጥራጮች ነበሩ። አንድ ሁለት ብቻ አይደሉም፣ ከ10 ቅጂ በላይ። የሄኖክ ቁርጥራጮችም ተገኙ። በሙት ባሕር ዳር የነበሩት ሰዎች እነዚህን ሁለት መጻሕፍት ይወዷቸው ነበር ማለት ነው። ሁለቱም ታዲያ ሙሉ ሆነው ዛሬ የሚገኙት በግዕዝ ብቻ ነው። ሌላው ዓለም ጥሏቸው የኢትዮጵያ ሰው ነው ጠብቆ ያቆያቸው፤ ክርስቲያኑም ቤተ እስራኤሉም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ ተቀመጠ። ሲመለስ መጽሐፈ ሄኖክን ይዞ ሄደ። አውሮፓ ለዘመናት ጠፋ ያለችውን መጽሐፍ ያገኘችው ከዚሁ ከእኛ አገር ነው። ስለ ኩምራን ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች እየጻፉ ይህን መዝለል ይቻላል? እኔ አይመስለኝም።

ምንኩስናውም አለ። ጸሐፊያችሁ ሚስት ሳያገቡ፣ በማኅበር፣ በሕግና በጸሎት የኖሩ አይሁድን በመገረም ገልጾልናል። ቤተ እስራኤል ዘንድ መነኮሳት ነበሩ። ከኩምራን ዘመን ወዲህ በሌላው የአይሁድ ዓለም እንዲህ ያለ የምንኩስና ሥርዓት አይታወቅም። እዚህ ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ኖሯል። የራሳቸው ትውፊት ሥርዓቱን ከአባ ሰብራ ይጀምራል። አባ ሰብራ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረ ክርስቲያን መነኩሴ ነው ይባላል። ቤተ እስራኤልን ሊያስተምር መጥቶ እሱ ራሱ ወደ እነሱ ገባ። ከእሱ ጋር ስሙ የሚነሳው ጸጋ አምላክ ደግሞ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ልጅ ነበር ይላሉ። ዋናው ገዳማቸው ሆሃርዋ ነበር። መነኮሳቱ በአጥር ተለይተው ይኖራሉ። ምግባቸውን ራሳቸው ያዘጋጃሉ፣ ምእመኑ ካበሰለው አይቀምሱም። ምእመኑ እንዳይነካቸው ይጠነቀቃሉ። ቄስ መሆን የሚፈልግ ሁሉ ከእነሱ ዘንድ ሄዶ ይማራል። ዮሴፉስም ኤሴናውያን በደረጃ የተከፈሉ ነበሩ፤ ታናሹ ታላቁን ቢነካው ታላቁ ባዕድ ሰው እንደነካው ቆጥሮ ይታጠብ ነበር ይላል። ይህን የጻፈው ሆሃርዋን አይቶ አይደለም። ግን ያየ ይመስላል።

በዚህ የመንካት ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ። አገሬው «አትንኩኝ» ይላቸው የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ከሌላ እምነት ሰው ጋር የተነካካ ታጥቦ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። መንደራቸው ሁልጊዜ ወንዝ ዳር የሚሆነውም ለዚሁ ነው። እናቴ ምጣድና ጀበና የምትገዛት አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበረች። እናቴ ገንዘቡን ድንጋይ ላይ ታስቀምጣለች። ሴትየዋ ዕቃውን መሬት ላይ ታደርጋለች። እጃቸው አይገናኝም። ግን ቆመው እስኪመሽ ያወራሉ። ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገበያው። እናቴ በወለደች ጊዜ ያቺ ሴት ገንፎ የሚበላበት አዲስ ገበታ ሠርታ ደጃችን አስቀምጣ ሄዳለች። አለመነካካታቸው ጥላቻ አልነበረም። እናቴም እንደ ስድብ ቆጥራው አታውቅም። የሕግ ጉዳይ መሆኑን ታውቅ ነበር።

ሴቶቻቸው ግን ከባድ ሸክም ነበረባቸው። ይህን አዋላጅ ሆኜ ዝም ብል ደግ አይሆንም። የወር አበባዋ የመጣ ሴት ከመንደሩ ዳር ባለ የመርገም ጎጆ ሰባት ቀን ትቀመጣለች። ጎጆው ዙሪያውን በድንጋይ ተከቧል። ምግብ የሚያመጣላት ሰው ከድንጋዩ ሳያልፍ አስቀምጦላት ይመለሳል። የወለደች ደግሞ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ሳይሞላ ወደ ቤቷ አትመለስም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 የተጻፈውን ነው የሚፈጽሙት። የእኛ ልጆችም ክርስትና የሚነሱት በ40 እና በ80 ቀን መሆኑን ልብ ይሏል። ሥራዬን ከጀመርኩ በኋላ ብዙ ጊዜ አሰብኩበት። አንድ መልካም ነገር ነበረው። አራሷ አትፈጭም፣ እንጨት አትሸከምም፣ ውሃ አትቀዳም። በእኛ መንደር በሳምንቷ ወፍጮ ላይ የተመለሱ እናቶችን አውቃለሁ። ግን ጎጆው ጠባብ ነው፣ ብርድ ነው፣ ደም ሲበዛባት ቶሎ የሚደርስላት ሰው የለም። ሃይማኖታዊ ቅንዓት ዋጋ ያስከፍላል፤ እዚያ መንደር ዋጋውን አብዝተው የከፈሉት ሴቶቹ ናቸው። ስለ ቤተ እስራኤል ጽናት የሚጽፍ ሰው ይህንንም ይጻፍ። እነዚያ ሴቶች ግን በሕጋቸው ያፍሩ አልነበረም። ቀናቸው ሞልቶ ወንዝ ወርደው ታጥበው ሲመለሱ፣ ራሳቸውን ቀና አድርገው ነበር የሚገቡት።

ስለ ጽናት ካነሳሁ ሌላም አለ። ዮሴፉስ ሮማውያን ኤሴናውያንን ሕጋቸውን እንዲክዱና የተከለከለ ምግብ እንዲበሉ ሲያሠቃዩአቸው እምቢ ብለው እንደሞቱ ጽፏል። የእኛዎቹስ? በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ሠርፀ ድንግል ሰሜን ተራሮች ላይ ዘመቱባቸው። የንጉሡ ዜና መዋዕል ራሱ፣ የጠላት ወገን የጻፈው መጽሐፍ፣ አንዲት የተማረከች ሴት ታሪክ ይነግረናል። እጇ ከማራኪዋ እጅ ጋር ታስሮ በገደል አፋፍ ሲያልፉ «አዶናይ እርዳኝ» ብላ ጮኸች። ራሷን ወረወረች። እሱንም ይዛው ሄደች። ሌሎችም ሴቶች ተከተሏት። ከዚያ በኋላ አፄ ሱስንዮስ የመሪያቸውን የጌድዮንን አገዛዝ አጠፉት። ርስታቸውን ያጡት ሸክላና ብረት ሥራቸው ሆነ። ጎንደር ስትገነባም ግንበኛና አናጢ ሆነው ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ደግሞ፣ ከክርስቲያኖች ተለይተው በየራሳቸው ሰፈር እንዲቀመጡ ከታዘዙት መካከል እነሱ ነበሩ። አይሁድ በሮማውያን እንዳይማረኩ ራሳቸውን ያጠፉበትን ምሽግ ማሳዳን የሚያውቅ አንባቢ የሰሜንን ገደል እንዲያውቅ ብናደርግ ምን ችግር አለው?

አባ ማሕሪንም አንርሳ። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን የእንግሊዝ ሚሲዮናውያን ወደ ቤተ እስራኤል መጥተው መስበክ ጀመሩ። ክርክሩ ንጉሡ ፊት ድረስ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1862 መነኩሴው አባ ማሕሪ ሕዝቡን አስነስቶ በእግር ወደ ኢየሩሳሌም ጉዞ ጀመረ። ቀይ ባሕር እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል ብለው ነው የወጡት። እርሻቸውን፣ ቤታቸውን፣ ከብታቸውን ትተው። ትግራይ ደረሱ። ረሃብና በሽታ ፈጃቸው። የተረፉት ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ፣ ከፊሎቹ ተመለሱ። ሞኝነት ነው የሚል አይጠፋም። እኔ እንዲህ አልልም። ከመቶ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቻቸው እንደገና በእግራቸው ወጥተዋል፤ በዚህ ጊዜ በሱዳን በኩል። ከእኛ ማዶ ከነበሩት ሰዎች ብዙዎቹ በዚያ መንገድ ሄደዋል። በመንገድና በስደተኛ ካምፕ የሞቱት ወደ አራት ሺህ ይገመታሉ። የቀሩት በግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ፤ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ። አባ ማሕሪን ያስነሳው ናፍቆት አልሞተም ነበር።

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ቤተ እስራኤል የኤሴናውያን ዘሮች ናቸው እያልኩ አይደለም። ምሁራን በአመጣጣቸው ላይ አይስማሙም። አንዳንዶቹ ከጥንት ከመጡ አይሁድ ያያይዟቸዋል፤ ሌሎቹ እዚሁ አገር ውስጥ ኦሪትን አጥብቀው ከያዙ ማኅበረሰቦች እንደተፈጠሩ ይናገራሉ። ደግሞም ሰንበትን የመጠበቅ ቅንዓት በእኛም ቤተ ክርስቲያን ነበር። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜን እናከብራለን ብለው ስደትና መከራ ተቀብለዋል። እ.ኤ.አ. በ1450 አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ እስኪወሰን ድረስ ነገሩ የከረረ ነበር። ስለዚህ ይህ የሰንበት ፍቅር በዚህ አገር የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ጸሐፊያችሁ የሚፈልገውን ዓይነት ሕይወት ያየ ሰው ዛሬም በሕይወት አለ። ብራና ላይ ብቻ መፈለግ የለበትም።

ታዲያ እኛ ጎንደሬዎች የትኛውን ነው ያስታወስነው? ወለቃ ሂዱና እዩት። ከከተማው ወጣ ብሎ በደባርቅ መንገድ ላይ ነው። ለቱሪስት የሚሸጡ የሸክላ ቅርጾች አሉ፣ አሮጌው የጸሎት ቤት አለ። የሚነገረው ግን ስለ ሸክላውና ስለ ብረቱ ነው። አንጥረኛ ነበሩ፣ ሸክላ ሠሪ ነበሩ፣ ሄዱ። በቃ። ሸክላ ሥራን አልንቅም፤ ያደግኩት በእነሱ ምጣድ በተጋገረ እንጀራ ነው። ነገር ግን እነሱ ራሳቸውን በዚያ አልለኩም። ሙያው ርስት ሲከለከሉ የመጣ እንጀራ ነው። ሕጋቸው ግን ሕይወታቸው ነበር። ባስ ሲል ደግሞ የሚነሳው የቡዳው ወሬ ነው። ማታ ጅብ ይሆናሉ፣ ሰው ይበላሉ፣ ዓይናቸውን አትዩ ይባል ነበር። ልጅ ሲታመም ጣት የሚቀሰረው ወደ ማዶ ነበር። በዚህ ወሬ የተደበደቡ፣ የተሳደዱ ሰዎች አሉ። በሽታው የሳንባ ምች ወይም ወባ መሆኑን በሥራዬ በየቀኑ አይቻለሁ። ይህ ስም ማጥፋት ዛሬም ድረስ በጨዋታ መሃል ሲነገር እሰማለሁ፤ ያውም በተማረ ሰው አፍ።

እስራኤል ከደረሱ በኋላም ያ ሁሉ ጥንቃቄያቸው በቀላሉ አልታመነላቸውም። የአይሁድነታቸው ነገር እ.ኤ.አ. በ1973 በዋናው ረቢ እውቅና አግኝቶ ነበር። ሆኖም ሲደርሱ የረቢዎቹ መሥሪያ ቤት፣ ለማግባት በውሃ መጠመቅ አለባችሁ አላቸው። አስቡት። ሰው በነካቸው ቁጥር ወንዝ የሚወርዱ ሰዎች ናቸው። አርብ በመጣ ቁጥር የሚታጠቡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1985 ኢየሩሳሌም ውስጥ ከመሥሪያ ቤቱ ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀምጠው ተቃወሙ። ዜናውን ስሰማ የማዶው ወንዝ ትዝ አለኝ፤ እልህም ያዘኝ።

ሲግድን በተመለከተ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። ሲግድ አይሁድ የኃጢአት ይቅርታ ከሚለምኑበት ከአስተስርዮ ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን የሚውል በዓል ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ ኅዳር ውስጥ ይገባል። በእኔ ልጅነት ሰው ከየመንደሩ ጎንደር አጠገብ ወዳለችው የቤተ እስራኤል መንደር አምቦበር ይሰበሰብ ነበር። ቀሳውስቱ ኦሪቱን አቅፈው፣ ጃንጥላ ተዘርግቶላቸው ተራራው ላይ ይወጣሉ። ሕዝቡ ጾሞ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይከተላል። ላይ ሲደርሱ አሠርቱ ትእዛዛት ይነበባሉ፣ ከዕዝራና ከነህምያ መጽሐፍ ይነበባል። ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም መልሰው ይሰግዳሉ፣ ያለቅሳሉ። ለሙታን መታሰቢያ እህል ይበትናሉ፣ ወፎች ይለቅሙታል። ከቀትር በኋላ ይወርዳሉ። ያኔ ከበሮ ነው፣ እልልታ ነው፣ ጠላ ነው። ልጆች ሆነን እንከተል ነበር። ለእኛም እንጀራ ይደርሰናል፤ ለብቻችን በሌላ ገበታ ይቀርብልናል እንጂ። ይህ በዓል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በእስራኤል አገር በሕግ የታወቀ ብሔራዊ በዓል ነው። ከመላ አገሪቱ ወደ ኢየሩሳሌም ይሰበሰባሉ። የአምቦበር ተራራ በዓል የአንድ አገር በዓል ሆኗል። ጎንደር ውስጥ ስንቱ ሰው ይህን ያውቃል?

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ለመጪው ሲግድ ጋዜጣችሁ አንድ ሙሉ ገጽ ለቤተ እስራኤል ይስጥ። ለቱሪስት የሚነገረውን ደግሞ አትድገሙት። የመነኮሳቱን ነገር፣ የሰንበቱን ነገር፣ የአባ ማሕሪን ጉዞ ጻፉ። የሴቶቹንም ሸክም አትርሱ። ጋዜጠኛ ላኩ፣ መንገዱ ሲረጋጋ አምቦበርና ሰሜን ድረስ ይሂድ። ክርስቲያን የነበሩ ጎረቤቶቻቸውን ይጠይቅ፤ በእኔ ዕድሜና ከእኔ በላይ ያሉ ሰዎች ወገራ ውስጥ ገና አሉ፣ ግን ቁጥራችን በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። ጎንደር ከተማ ውስጥም ወደ እስራኤል ለመሄድ ዓመታትን ያስቆጠሩ ቤተሰቦች አሉ። እነሱንም ያነጋግር። እስራኤል ያሉት ቀሳውስት በስልክ ይገኛሉ፤ አማርኛቸው የወገራ አማርኛ ነው፣ መጠየቅ ብቻ ነው። የሆሃርዋን ገዳም ቦታ የሚያሳይ ሰው ከተገኘ ፎቶ ይነሳ።

ጋዜጠኛችሁ ከመጣ እኔም የማውቀውን እነግረዋለሁ፤ ያቺ የወንዝ መሻገሪያ የት እንደሆነች ወንድሜ ያሳየዋል፣ አሁንም እዚያው ነው የሚያርሰው። ከተቻለ ከክረምት በፊት ይሁን። ውሃው ሲሞላ መሻገር ያስቸግራል።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛ አዋላጅ ነርስ
አዘዞ፣ ጎንደር